ጽሑፍ የሌለበት ሃይላንድ

«እህቴ እኮ ትንሽ ትቀምሳለች፤ እጇ የሚንቀጠቀጠው ለዚያ ነው» ሲል ሰማችው። ሸዋነሽ ከመጋረጃው ኋላ፣ በሱቁ ጓዳ ውስጥ ተንበርክካ፣ ከትልቁ ሰማያዊ ጀሪካን ወደ ትናንሽ የውሃ ሃይላንዶች የድንች ትል መግደያ መድኃኒት እየገለበጠች ነበር። ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ዘቅዝቃ በእሱ በኩል ታፈሳለች። ነገሩን ስትሰማ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈችው። እጇ ግን አላረፈም። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ያ እጅ የራሱን ፈቃድ ይዟል፤ እሷ ተቀመጥ ስትለው እሱ ጤፍ እንደሚነፋ ሰው ይወዘወዛል። ሸዋነሽ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ጠላ እንኳ በዓመት በዓል ቀን ቢሰጧት ለሰጪው ክብር ከንፈሯን አስነክታ የምትመልስ ሴት ናት። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው አሁን ከውጭ ቆሞ ጠጪ ያላት ምናለ፣ የእናቷ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ ነው።

ምናለ የሚያናግራት ዙለይካ ናት፤ የዚሁ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ተምራ አሁን የእርሻ መድኃኒት በሰው ነርቭ ላይ የሚያደርገውን ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር የምትሠራ። በግንቦት ወር እየዞረች ደም ወስዳ ነበር። ግማሾቹ ከጉና ተራራ ሥር ድንች የሚያለሙና መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ለማነጻጸሪያ የተመረጡ፣ መድኃኒት በእጃቸው ነክተው የማያውቁ የከተማ ሰዎች። ምናለ ያን ጊዜ እህቱን ከማይነኩት ወገን አስመዘገባት። «ቤት ነው የምትጠርግልኝ፤ ሱቁን አታውቀውም» አለ። ምን ይበል? መድኃኒት ከትልቅ ወደ ትንሽ ገልብጦ መሸጥ ክልክል ነው፤ ከታወቀ ሱቁ ይታሸጋል። እንግዲህ ውጤቱ ሲመጣ የሸዋነሽ ደም ሃያ ዓመት ሙሉ መርጫ ጀርባው ላይ አዝሎ ከኖረ ገበሬ ደም ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ዙለይካም ምን ነገር ነው ብላ ለመጠየቅ መጣች።

«መጠጥ እንዲህ ያለ ውጤት ሲያመጣ አላየሁም» አለች ዙለይካ። «ግን ይጠጣሉ ከተባለ ከጥናቱ ማውጣቴ ነው። ከራሳቸው አፍ ልስማ። ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በፊት ቢሮ ይምጡልኝ፤ ብቻቸውን።»

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ምናለ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ገባ። ጓዳው መስኮት የለውም። ርዝመቱ ሦስት እርምጃ፣ ወርዱ ሁለት፣ በአንድ በኩል ባዶ ሃይላንዶች በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልተው ተደርድረዋል፤ ከሆቴል በረንዳ የሚለቅሙ ሴቶች አንዱን በሁለት ብር ያመጡላቸዋል። ግድግዳው ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ቢጫ ሆኗል። ሌላ ሰው ሲገባ ያስለዋል፤ ሸዋነሽ ግን አይታወቃትም። ሽታ የሚባል ነገር ከአፍንጫዋ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው።

«ሰማሽ አይደል እታለም?»

«ሰማሁ።»

«አንዳንዴ እቀምሳለሁ በያት። አንዲት ቃል ናት፤ ታልቃለች።» የተሞሉትን ሃይላንዶች ቆጠረ። «አንቺም ደክሞሻል። ከሰዓት ፍቅርተ ትጀምራለች፤ ትናንት ማታ ተነጋግረናል። አንቺ ከእንግዲህ ፀሐይሽን እየሞቅሽ ተቀመጭ።»

«ፍቅርተ? የእኔዋ?»

«ሌላ ፍቅርተ አለች እንዴ? ነገ ገበያ ነው፤ የጉና ሰው መቶም ይወስዳል። አንቺ ከጠዋት ጀምሮ ዘጠኝ ሞላሽ።»

ዘጠኝ መሆኑ እውነት ነው። ድሮ እሱ ሱቁን ከፍቶ ዕቃውን እስኪዘረጋ ድረስ ሠላሳ ትሞላ ነበር። ፍቅርተ አንድ ልጇ ናት። ከኩዌት በጥር ነው የመጣችው፤ ወደ መተማ የሚነዳ ሹፌር አግብታ አሁን ሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ይህን ከእናቷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እናቷም ያወቀችው ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ኋላ ሄዳ ስታስመልስ ሰምታ ነው። እናትና ልጅ የሚኖሩት በምናለ ግቢ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ የእህል ጆንያ፣ ግድግዳው ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፤ ሌላ ነገር አትይዝም። እንዲህ ያለች ክፍል ዛሬ ከሦስት ሺህ ብር በታች አትገኝም። ምናለ ኪራይ ጠይቋቸው አያውቅም። አለመጠየቁን ግን ሦስቱም ያውቁታል፤ ምሳ ሲቀርብ ከሽሮው ጋር አብሮ ይቀርባል።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሌሊቱን የዘነበው የሐምሌ ዝናብ መንገዱን አቡክቶታል። ባጃጅ ሠላሳ ብር አሏት፤ በእግሬ እሄዳለሁ ብላ ተወችው። ድሮ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ነበር። አሁን እግሯም እንደ እጇ ነው፤ ተነስ ስትለው ይዘገያል፣ ከተነሳ ደግሞ በአጫጭሩ ይጣደፋል። ሰው ሲያያት ወደ ፊት የምትወድቅ ይመስለዋል። ድንች በቁና ዘርግተው ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ፣ ለዓመታት ሰላም የምትላት፣ «ሸዋዬ፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው እንዲህ እየተንሳፈፍሽ?» አለቻት። ሸዋነሽ ፈገግ ብላ፣ «እግሬ ወዳደረሰኝ» ብላት አለፈች። ትንሽ እንደራቀች ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ «በዓርቡም አልተወችው!» ስትል ሰማች። ሁለቱም ሳቁ።

ቆመች። ጭቃው ውስጥ ቆማ አሰበችው። ምናለ ይህን ወሬ ዛሬ አልጀመረውም ማለት ነው። ዓመት ሊሞላው ነው። ለካ ማኅበርተኞቿ ባለፈው የጠላውን ዋንጫ በእሷ በኩል ሳያሳልፉ ለቀጣዪቱ የሰጡት ለዚህ ነው። እሷ ደግሞ እጄ እንዳይደፋብኝ አዝነውልኝ ነው ብላ አመስግናቸው ነበር! ይህን ስታስብ ቁጣ ይመጣብኛል ብላ ጠበቀች፤ የመጣው ግን ድካም ብቻ ነው። ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አረፈችና ተነስታ ሄደች።

የዙለይካ ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። ሸዋነሽ ደረጃውን ስትወጣ ልጅቷ አይታ ወርዳ ደገፈቻት፤ ወንበር አቀረበችላት፤ ውሃ ሰጠቻት። ሸዋነሽ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ እንኳ ግማሹን ቀሚሷ ላይ አፈሰሰችው። ዙለይካ አላየሁም ለማለት ወረቀት ታገላብጥ ጀመር።

«እማማ ሸዋነሽ፣ ይጠጣሉ?»

«ብጠጣ ምን ይሆናል?»

«ወረቀትዎን አወጣዋለሁ። በቃ።»

«ባልጠጣስ?»

«ያኔ ይህ ነገር ከየት መጣ ብዬ መጠየቄ ነው።»

ሸዋነሽን ምናለ አንዲት ቃል ናት ብሏታል። ትላታለች፣ ትወጣለች፣ ክፍላቸው ክፍላቸው ሆና ትቀራለች። ብቻ እዚህ ከደረስኩ አይቀር ልወቀው አለችና፣ «ለመሆኑ ምን ሆኛለሁ ነው የምትይኝ?» ብላ ጠየቀች።

ዙለይካ ወንበሯን አቀረበች። «ሰውነታችን በጣም ከደቀቁ ነገሮች ነው የተሠራው፤ ሴል እንለዋለን። በያንዳንዱ ሴል ውስጥ ከእናት ከአባት የወረስነው ጽሑፍ አለ፤ ዘረ መል የሚባለው። ሁሉም ጋ ያለው ጽሑፍ አንድ ነው። ግን ሁሉም ሁሉንም አያነብም፤ የነርቩ የነርቭን ያነባል፣ የጉበቱ የጉበትን። ያ መድኃኒት ዓመት ከዓመት ወደ ሰው ሲገባ ጽሑፉን ላይሰርዘው ይችላል፤ ንባቡን ነው የሚያውከው። መነበብ ያለበት ይዘጋል፤ መዘጋት ያለበት ይከፈታል። ነርቩ ምንም ሳይጎድልበት ሥራው ይጠፋዋል።»

«ይህን ከራሴ ውስጥ አይታችሁት ነው?»

«አይ እማማ፣ ከሰው ራስ ቆርጠን አናይም። ነርቭ በብርጭቆ የሚያሳድጉ ሰዎች በዚያ ላይ ያዩታል። እኛ በደም በኩል ጥላውን ነው የምንፈልገው። የማናውቀው ይበዛል፤ የእጅዎ ነገር ከዚያ ነው ብዬ ልምልልዎ አልችልም።»

ነገሩ ሲገባት የሸዋነሽ ፊት በራ፤ ደስ አላት እንኳ ማለት ይቻላል፤ ሰው ይህን ያህል ተጨንቆ ነገር ካስረዳት ብዙ ጊዜ ሆኗል። «እንደኛ ሃይላንድ በይኛ!» አለች። «ጀሪካኑ ላይ እኮ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ስንት ይለካ፣ በምን ይበጠበጥ፣ ሁሉ ተጽፎበታል። ወደ ሃይላንድ ሲገለበጥ መድኃኒቱ ያው ነው፣ አልጎደለም። ወረቀቱ ግን አብሮት አይሄድም። ገበሬው ቤቱ ሲደርስ ምን እንደሚያደርገው አያውቅ…»

የዙለይካ እስክሪብቶ ቆመ።

«ማነው የሚገለብጠው እማማ?»

ከታች ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ። ሸዋነሽ እጇን አየችው። የወጣው ወጥቷል። ሰው ነው፣ ሌላ ነው፣ እሰማለሁ እንጂ አላይም ማለት ትችል ነበር፤ ልጅቷም ትቀበላት ነበር መሰለኝ። ግን እንዲያ ለማለት ደግሞ አቅም ይፈልጋል። «እኔ ነኝ» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት።» ከዚያ በኋላ ቃሉ ሳይጎተት መጣ። መድኃኒቱ አንዳንዴ ከጅምላ ሻጩ ውሃ ተቀላቅሎበት እንደሚመጣ፣ ገበሬው «ይገድላል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ምናለ «እታለም ታውቃለች» እንደሚል፤ ድሮ በማሽተት ትለየው እንደነበር፣ አፍንጫዋ ሲዘጋ ደግሞ በጣቷ ነክታ ከንፈሯ ላይ ማስነካት እንደጀመረች፤ ከንፈሯ ከደነዘዘ ደህና ነው፣ ካልደነዘዘ ውሃ ነው። ይህን ስትናገር ትንሽ ኩራት ድምፅዋ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም። ዙለይካ መጻፉን ትታ እያየቻት ነው፤ ዓይኗ ውሃ አቅርሯል።

«ስምዎ አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ለማንም አልናገርም። ብቻ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነኩት። በእጅዎም፣ በከንፈርዎም።»

«እኔስ ይብቃኝ። የተዘጋው ይከፈታል?»

«አንዳንዱ ከተውት ሊመለስ ይችላል። አንዳንዱ አይመለስም።»

«ነፍሰ ጡር ሴት ብትገለብጠውስ?»

«የስንት ወር?»

«የሦስት።»

«የልጁ ነርቭ የሚሠራው አሁን ነው እኮ፤ ገና መነበብ የሚጀምርበት ጊዜ። እኔ ብሆን ያ ክፍል ደጃፍ እንኳ አላደርሳትም።»

ሸዋነሽ ተነሳች። ዙለይካ ወርዳ ባጃጅ አቆመችላትና ከኪሷ ከፈለች፤ ሸዋነሽ አይሆንም ለማለት እንኳ አልቆመችም።

ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። የሱቁ በር ክፍት ነው፤ ምናለ የለም። መጋረጃውን ገለጠችው። ፍቅርተ ከኩዌት ባመጣችው ጥቁር ሻሽ አፍና አፍንጫዋን አስራ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ እናቷ በተንበረከከችበት ቦታ ተንበርክካለች። እጇ ቀጥ ያለ ነው፤ ፈሳሹ እንደ ክር ይወርዳል። ከሰዓት ተብሎ ነበር፤ ልጅቷ ሳትጠብቅ ጀምራለች።

«ነይ እዪው እማዬ፣ ሠላሳ ሁለት!»

«ውጪ።»

«አሁን እኮ ነው የጀመርኩት።»

«ውጪ ብዬሻለሁ!»

ፍቅርተ ሻሿን ወደ አገጯ ሳበችው። «ኩዌት ሦስት ዓመት የሰው ሽንት ቤት በበረኪና ስፈትግ ውጪ ያለኝ ማን ነው? እዚህ ቤት ዝም ብለን ልንኖር ነው? ባሌ እንደሆነ ስልኩ ከተዘጋ ሃያ ቀኑ። ወይ አንቺ ትሠሪያለሽ ወይ እኔ እሠራለሁ። አንቺ ደግሞ አልቻልሽም፤ እንዲያው እውነቱን እንነጋገር።»

ሸዋነሽ ጎንበስ ብላ የልጇን ክንድ ያዘችና ጎተተቻት። ጉልበት የላትም፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ክንዷን ሲይዛት ግን ፍቅርተ እንደ ሕፃን ተነሳች። «ሆድሽን አስቢ» አለቻት በቀስታ።

«ሆዷ ምን ሆነ?» አለ ምናለ ከኋላቸው። ከእሱ ጀርባ ጋቢው በዝናብ የራሰ ገበሬ ቆሟል፤ ከጉና ቁልቁል የመጣ ነው፣ ጫማው ጭቃ ብቻ ሆኗል። ምናለ የእህቱን ልጅ አየ፣ እህቱን አየ፤ ገባው። እስከ ጆሮ ግንዱ ድረስ ቀላ። «ማን ነገረኝና» አለ ለራሱ። ከዚያ እንደ መለማመጥ ብሎ፣ «እንግዲያው እታለም፣ አንቺው ጨርሽው። ለዛሬ ብቻ።»

«እኔም አልገለብጥም።»

«ነገ ገበያ ነው እኮ።»

«ለዙለይካ ነግሬያታለሁ። ሁሉንም፤ የከንፈሬን ሳይቀር። ስም አልጽፍም ብላኛለች፤ እጽፋለሁ ብትለኝም እነግራት ነበር።» ትንፋሽ አጠራትና ግድግዳውን ያዘች። «ደግሞ አልጠጣም። ይህን አንተ ታውቃለህ። ድንች ሻጯም ማወቅ አለባት።»

ምናለ ገበሬውን በዓይኑ ሸሸው። ገበሬው ዋናው ነገር ስላልገባው፣ «ጌታው፣ ሌላ ዝናብ ሳይመጣ አንዷን ስጡኝ፤ ድንቼን ትሉ ጨረሰው። ዓመቱን የምንበላው እሱን ነው» አለ። ልመናው እውነተኛ ነው፤ ጓዳው ውስጥ ካሉት አራት ሰዎች ለማንም ማዘን አይከብድም። ያኔ ምናለ ኮቱን አወለቀና ማዳበሪያው ላይ ጣለው። ተንበረከከ። ጀሪካኑን ያዘነበለበት አያያዝ ሠርቶት የማያውቅ ሰው መሆኑን ይናገራል፤ ፈሳሹ ከሃይላንዱ አፍ አልፎ እጁ አንጓ ላይ ፈሰሰ፤ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገውና እንደገና ሞከረ። አሥራ አንድ ዓመት ሱቅ ሲጠብቅ እጁን አላስነካውም ነበር።

ሸዋነሽ ከላይ ሆና ማጅራቱን አየችው። ሸብቷል። ይህን ቀን ብዙ ጊዜ ተመኝታው ይሆናል፤ እሱም በተራው ይቅመሰው ብላ። አሁን ሲደርስ ደስ የሚል ነገር አጣችበት። እጇን ሰዳ ጀሪካኑን ቀና አደረገችው፤ ክዳኑን ፈልጋ፣ ሁለቴ ከጣቷ ወድቆባት፣ በሦስተኛው ገጠመችው። ከዚያ ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«ተነሺ።»

«አልነሳም። አንተንም አላስነካህም።»

«ሰውዬው ቆሞ እኮ ነው!»

«ወንድሜ» አለች ወደ ገበሬው ዞራ፣ «ከነወረቀቱ የታሸገውን ሊትሩን ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው ይግዙት። የሚያነብልዎ ሰው አይጠፋም፤ የተጻፈውን አስነብበው ነው የሚረጩት።»

ገበሬው ሊትሩ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ምናለ ነገረው። ገበሬው በመገረም ራሱን ነቀነቀና፣ «ጎረቤት ከየት ላምጣ አሁን? ሁሉም እርሻው ላይ ነው» ብሎ ጋቢውን አጥብቆ ወጣ። ጭቃውን እየረገጠ ወደ ማዶው ሱቅ ሲሄድ ሦስቱም ሰሙት። እዚያም ጓዳ አለ፤ እዚያም ማዳበሪያ ሙሉ ሃይላንድ አለ።

«ይኸው ሄደ» አለ ምናለ። «ነገም እንዲህ ይሄዳሉ።» ገና እንደተንበረከከ ነው። «ይህን ሱቅ ከዘጋሁ ክፍሏን ማከራየቴ ነው። ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ሌላ ክፍል እንፈልጋለን።» ፍቅርተ ልትናገር ስትል እናቷ በዓይኗ ከለከለቻት። «እሱን እንደርስበታለን። አሁን ተነስና እጅህን ታጠብ። በሳሙና። አንዴ አይበቃም፤ ሁለቴ።»

ምናለ የረጠበውን እጁን አየው። ከዚያ እህቱን አየ፤ የተቀመጠችበትን ጀሪካን፣ ጭኗ ላይ የሚወዘወዘውን እጅ። ተነስቶ በጓሮ በር ወጣ።

ከግቢው ቧንቧ ውሃ ሲወርድ ተሰማ። ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ወረደ።